ከአሥራ ስምንት ሦስት

የሚወዳት ልጅ ጥላው የምትሄድበትን አገር በገዛ እጁ የመረጠላት ሞኝ ካለ እሱ እኔ ነኝ። ስሜ ኢተፋ ወዬሳ ይባላል። በ1982 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ብሔራዊ ውትድርናዬን ጨርሼ ናዝሬት ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በሁለት የጽሕፈት መኪና፣ አንዱ የአማርኛ አንዱ የእንግሊዝኛ፣ የሰው አቤቱታ እየመታሁ እኖራለሁ። አባቴ ባለጋሪ ነው። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ነው፤ በከተማው ውስጥ ከስሜ ይልቅ "የጋሪው ልጅ" ብሎ የሚጠራኝ ይበዛ ነበር።

ሸዋወርቅ ደግሞ የአቶ አብተው ልጅ ነች። አቶ አብተው ከአሰብ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ ሁለት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች አሏቸው፤ ግቢያቸው ባለ ብረት በር ነው። ልጃቸው ማትሪክ ወስዳ ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነጥብ ሲጎድላት ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ሰነበተ አሉ። እኔ እሷን በሩቁ አውቃት ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ አነጋግሬያት አላውቅም። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ራሷ በሬን ገፍታ ገባች።

"እንግሊዝኛ ትመታለህ አሉኝ" አለች።

"እመታለሁ።"

"የምትመታውን ታነበዋለህ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ሰደበኝ እል ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ከልቧ ነው፤ መልሴን ስትጠብቅ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አልነቀለችም። አነበዋለሁ አልኳት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይኸው ነው፤ በዚያች ደቂቃ ፊደል መለየቴንም እጠራጠራለሁ።

ያመጣችው ደብዳቤ የሚስ ሩት ነበር። ሚስ ሩት በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረቻት፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ነች። ተማሪዋ ነጥብ እንደጎደላት ሰምታ አሜሪካ ውስጥ ያሉ የአሥራ ስምንት ትንንሽ ኮሌጆች ስም በእጇ ጽፋ ላከችላት። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሦስት አራት መስመር ማብራሪያ አለው። እነዚህ ኮሌጆች ሐኪም ወይም መሐንዲስ አያወጡም፤ ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም፣ ሥነ ጽሑፉንም፣ ስለ ከዋክብቱም አንድ ላይ አስተምረው ሰውን የሚያስብ ሰው አድርገው ይለቁታል ትላለች። ትንሽ ስለሆኑም ነጥብ ብቻ አይተው አይመልሱም፤ አመልካቹ የጻፈውን መስመር በመስመር ያነባሉ፤ በየዓመቱም ለጥቂት የውጭ አገር ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ይችላሉ። ነገር ግን ለአሥራ ስምንቱም ማመልከት አይቻልም፤ ሦስት ምረጪ፣ የሦስቱን የማመልከቻ ክፍያ እኔ እሸፍናለሁ ብላ ደብዳቤውን ጨረሰች።

አቶ አብተው ነገሩ ሲነገራቸው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን ሆነሽ ልትመለሽ ነው? ሸዋወርቅ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ነው የሚያስተምሩት አለቻቸው። እሳቸውም ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ለማወቅማ አሜሪካ ምን ያስኬዳል፣ የናዝሬት አውቶቡስ ተራ አንድ ወር መቀመጥ ይበቃል አሉ። ያም ሆኖ አልከለከሏትም። ይህን እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ሌላ በር የለኝም አለች።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ዝግ ሲሆንና ደንበኛ ሲጠፋ፣ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መምረጥ ጀመርን። ስሞቹ ለምላሳችን አልገራ ስላሉ እኛው አዲስ ስም አወጣንላቸው። ከጀርባው ሐይቅ ያለውን ዝዋይ አልነው። የዓመቱን እኩሌታ በረዶ የሚወርድበትን አሰላ፣ የጭነት መኪና መንገድ የሚያቋርጠውን ሞጆ፣ በእርሻ መሀል ያለውንና አራት መቶ ተማሪ ብቻ ያለውን ደግሞ መቂ አልነው። ሕግም አወጣን፤ ሁለታችንም ካልተስማማን አንድም ስም አይሰረዝም።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ነች። ለምን እኔን እኩል ዳኛ እንዳደረገችኝ ያኔ አልጠየቅኋትም።

ሞጆን የሰረዘችው እሷ ነች፤ መኪና ሲያልፍ መስኮት ሲንቀጠቀጥ ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ይበቃኛል አለች። በትልቅ ከተማ ውስጥ ያሉትንም አራቱን አልፈልግም አለች፤ ትልቅ ቦታ ሰው ቢጠፋ የሚፈልገው የለም ትላለች። ሴቶች ብቻ የሚማሩበት አንድ ኮሌጅ ነበር። እኔ ስለ እሱ እንደ ጠበቃ ተከራከርኩ፤ ቤተ መጻሕፍቱን አወደስኩ፣ ጸጥታውን አወደስኩ። እስክጨርስ አዳመጠችኝና ፈገግ ብላ ሰረዘችው። ሕጉ ተጣሰ ብዬ ባመለክት ማን ይሰማኛል? ተማሪዎቹ አርብ አርብ ማታ ይጨፍራሉ የተባለውን ደግሞ እኔ ልሰርዝ እርሳሴን አነሳሁ።

"ለምን?" አለችኝ።

"ለትምህርት አይመችም።"

"ኢተፋ" አለች፤ ስሜን ብቻ። ፊቴ ጋለ። እርሳሱን ከእጄ ወሰደችና ኮሌጁን ራሷ ሰረዘችልኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ አምስት ቀሩ። እሷ ስም በተሰረዘ ቁጥር ፊቷ ይፈካል፤ እኔ ግን ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር የእኔም ቀን እንደሚያጥር አውቃለሁ። እንዳትሄድ እፈልግ ነበር። እንድትማርም እፈልግ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ አይስማሙም፤ እኔ ግን ይዤያቸው እውል ነበር። ምንም አልነገርኳትም። የጋሪው ልጅ ለባለ ኤንትሬው ልጅ ምን ብሎ ይናገራል?

በጥር መጀመሪያ ሦስቱ ታወቁ፤ ዝዋይ፣ አሰላ፣ መቂ። ማመልከቻዎቿን ጻፈች፣ እኔ መታሁ፣ አቶ አብተው የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ ፈረሙ። ሦስቱም ኮሌጆች ወረቀቱ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ይድረሰን ይላሉ። የቀረን የትምህርት ማስረጃዋ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ብቻ ነበር፤ ዲሬክተሩ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደዋል። ሸዋወርቅ ማኅተሙ በኋላ ይላካል፣ እኛ አሁን ፖስታ ቤት እንሂድ አለች። እኔ ነኝ የከለከልኳት። የካቲት 15 ገና ነው፣ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ነው የሚፈጀው፣ በጥር መጨረሻ ብንልከው ይደርሳል፣ የጎደለ ወረቀት ልከሽ አትበላሺ አልኳት። አመነችኝ። ዲሬክተሩ ተመለሱ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ጥር 28 ቀን ሦስቱን ፖስታ አንድ ላይ አስገባን። ከፖስታ ቤቱ ወጥተን አስፋልቱን ስንሻገር ክንዴን ያዘችኝ። ከተሻገርንም በኋላ ጥቂት ቆይታ ነው የለቀቀችኝ።

የካቲት 9፣ ዕለቱ አርብ፣ አንድ ሰው የፍቺ አቤቱታውን እያስመታኝ ሳለ ገባች። በእጇ ከግድግዳ የተነቀለ የባንክ ካላንደር ይዛለች። ሰውየው ፊቷን አይቶ ሳይነግሩት ወጣ። ካላንደሩን የጽሕፈት መኪናው ላይ አስቀመጠችና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። በትልቁ የካቲት 8 ይላል። ከሥሩ በትንሹ የፈረንጁ ቀን ተጽፏል፤ ፌብሩዋሪ 15።

"ትናንት ነበር" አለች።

ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያስተማሩን እንዲያ ነው፤ ጃንዋሪ ጥር፣ ፌብሩዋሪ የካቲት። በቢሮም ስንተረጉም እንዲያው ነው የምንመታው፤ ወሩን ቀይረን ቀኑን እንዳለ እንተወዋለን፣ ማንም አይጠይቀንም። ለፍርድ ቤት አቤቱታ ሰባት ቀን ምንም አይደለም። ለእሷ ግን ሁሉ ነገር ነበር። ደብዳቤዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ ቢፈጥኑ በሚመጣው ሳምንት ይደርሳሉ፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

"ጥር መጀመሪያ ላይ እንላከው ብዬህ ነበር። ጠብቂ ያልከኝ አንተ ነህ" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ሆን ብለህ ነው?"

አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱም እሱ ነበር። ግን ጥያቄዋን ከመጨረሷ በፊት፣ ሐዘኑ ሳይደርስብኝ፣ አንድ ሌላ ነገር ቀደመኝ። እንግዲያው አትሄድም አለ ልቤ። ደስ አለው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው የቆየው፤ እሷ ግን ትኩር ብላ እያየችኝ ነበርና አየችው። በሠራሁት ብትወቅሰኝ መልስ ነበረኝ። በተደሰትኩት ስትወቅሰኝ ምን እላለሁ? እሷም ካላንደሩን እዚያው ትታ ወጣች፤ በሩን እንኳ አላላጋችውም፣ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች አታስታውሱኝ። ደብዳቤ ልጽፍላት አራት ጊዜ ወረቀት አስገባሁ። እጄ ልማዱ ሆኖ ከላይ "ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ ይሆናል" ብሎ ይመታል። አራቱንም ቀደድኳቸው። የሰው አቤቱታ አበላሸሁ፣ ከሳሽን ተከሳሽ አድርጌ ጽፌ ዳኛ ፊት ሊሳቅብኝ ነበር። ያን ቀን መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር የቆጠርኩት መቼ ነው፣ በየትኛው ቅዳሜ ካላንደር አይቼ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር፣ እያልኩ ስብሰለሰል አባቴ ያየኝ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እሱ በጋሪው እኔ በእግሬ ከጎኑ፣ ፈረሱን አቆመው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ" አለኝ፣ "ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ሄደህ ተናገር። ያንተ ካልሆነም ሄደህ ተናገር። እኔ ቤት ተኝተህ ግድግዳ እያየህ የሚለወጥ ነገር የለም። ተቀመጥ፣ ላድርስህ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ አቶ አብተው ሰፈር በእግሬ እሄድ ነበር እንጂ በአባቴ ጋሪ አልሄድም። ያን ቀን ግን ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየን በዋናው መንገድ አለፍን፤ አባቴ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም አንገቱን ዝቅ እያደረገ ሰላምታ ይሰጣል። በሕይወቴ ያን ያህል አፍሬም፣ ያን ያህል በእሱ ኮርቼም አላውቅም።

የብረቱ በር ክፍት ነበር። አቶ አብተው ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ የጋሪውን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ሳይሉ ጤፉን በጓሮ በኩል አስገቡት አሉ። ጤፍ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። ያን ጊዜ ሸዋወርቅ ከቤቱ በር ላይ ብቅ አለች። ከስታ ነበር ያየኋት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"ጋሼ አብተው፣ የልጅዎ ወረቀት የዘገየው በእኔ ነው። ቀኑን በእኛ ቆጠራ አስልቼ ጠብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ልናገር ነው የመጣሁት" አልኩ።

አቶ አብተው ሬዲዮውን ዘጉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ። ወረቀቱ በእጃቸው አልፏል፤ ከመፈረማቸው በፊት ቀኑን አይተውታል፤ እሳቸውም የካቲት ብለው ነው ያለፉት። ይህን ሳምንቱን ሙሉ ለልጃቸው መናገር አቅቷቸው እንደከረመ አመኑ። አሰብ ወደብ ሁሉ ነገር በፈረንጅ ቀን እንደሚሠራ፣ ዕቃ በሰዓቱ ባለማንሳት በዚሁ ስህተት ሁለት ጊዜ መቀጣታቸውን ነገሩን። የተቀጣሁት እኔ ያልተማርኩትን ይህ ልጅ ከየት ይማረው አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። እኔንም ሆን ብለህ ነው ትይኛለሽ? አሏት።

ሸዋወርቅ ከበሩ ደረጃ አልወረደችም።

"ስለ ቀኑ አይደለም፣ አባዬ። ቀኑን ተሳስቶ እንደሆነ እኔም ገብቶኛል" አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። "ስነግረው ፊቱ በራ።"

አባቷ አዩኝ። አባቴ ከጋሪው ወርዶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። መሸሻ አልነበረኝም፤ ቢኖርም አልሸሽም ነበር።

"በርቷል" አልኩ። "አልዋሽሽም። ሆን ብዬ አላዘገየሁትም፤ ግን አትሄጂም ማለት ነው ብዬ ሳስብ ልቤ ደስ አለው። ወዲያው አፈርኩበት። ሸዋዬ፣ እወድሻለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ እየወደድኩሽ ነው የምትሄጂበትን ስመርጥልሽ የቆየሁት። ይቅር የምትይኝ ከሆነ ስለ ቀኑ ሳይሆን ስለዚያ ደስታዬ ይቅር በይኝ።"

የተናገርኩት በአባቷ ፊት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አቶ አብተው ተነሱና ወደ አባቴ ሄዱ፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

"አቶ ወዬሳ፣ ይህን ያውቁ ነበር?"

"ጌታው" አላቸው አባቴ፣ "ፈረሱም ያውቃል።"

አቶ አብተው ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ልጅን መስጠትና መሳቅ የተለያየ መሆኑን ለማሳወቅ ወዲያው ፊታቸውን ቋጠሩ፤ ሆኖም ሁለት ወንበር አስወጡና አባቴን ከጎናቸው አስቀመጡት። ስለ ፈረስ ቀለብና ስለ ጎማ መወደድ ማውራት ጀመሩ። ሸዋወርቅ ወደ ውስጥ ገብታ በእጇ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ወጣች።

ለሦስቱ ኮሌጆች የጻፈችው ደብዳቤ ነበር። እኔ ቤት ግድግዳ ስመለከት እሷ ተቀምጣ ጽፋዋለች። አገሬ የራሷ ዘመን አላት፣ ዓመቷ አሥራ ሦስት ወር ነው፤ የጻፈው ሰው፣ የመታው ሰው፣ የፈረመው ሰው ሁላችንም ቀናችሁን በራሳችን ቀን አንብበነው ሰባት ቀን ዘገየን ይላል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች አንድ ላይ እንዴት እንደሚሳሳቱ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ እያሳቀች ጽፋዋለች። ልመና የሚባል አንድ ቃል የለበትም። እስከዚያ ቀን ካነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ እንደዚያ የሚያምር አላየሁም።

"ነገ ምታልኝ" አለችኝ። ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማበላሸት ብትፈልግ አሁንም እጅህ ላይ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ለደንበኛ ሳልከፍት ተቀምጬ ሦስት ጊዜ መታሁት። በሕይወቴ አንድ ገጽ ያለ ስህተት መትቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ሦስቱንም ያለ አንዲት ስርዝ ጨረስኩ። እያንዳንዷ ፊደል ከእኔ እንደምታርቃት እያወቅሁ ነው የመታኋት። በዚያው ቀን ተላኩ።

ዝዋይ በሚያዝያ መለሰ፤ ለሚመጣው ዓመት አመልክቺ ይላል። አሰላም በሳምንቱ ያንኑ አለ። ሸዋወርቅ ሁለቱንም ደብዳቤ አሳየችኝ፤ አላለቀሰችም፣ እኔም ስለ ሙቀቱ አወራሁ። ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ገባ። ሬዲዮው ስለ ቅይጥ ኢኮኖሚ ያወራል፣ አውሎ ነፋሱ የከተማውን አቧራ ያስነሳል፣ ከመቂ ግን ወሬ የለም።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ የወሰን ክርክር ያለበት አንድ የወንጂ ሰው አቤቱታውን እየነገረኝ እያለ፣ ሸዋወርቅ ገብታ ያልተከፈተ ፖስታ ከፊቴ አስቀመጠች። የፖስታውን ማዕዘን አይቼ ከማን እንደሆነ አወቅሁ።

"አንተ ክፈተው" አለች።

"ስሙ ያንቺ ነው።"

"እኔ የማነበው ሌላ ነገር አለ።"

የወንጂውን ሰው ይቅርታ ጠየቅሁትና ከፈትኩት። የፈራሁት ደብዳቤውን አልነበረም፤ ፊቴን ነበር የፈራሁት። ሸዋወርቅ ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም፤ ጠረጴዛው ማዶ ቆማ እኔን ብቻ ነው የምታየው። ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ጀመርኩ። የላክሽውን ደብዳቤ በስብሰባችን ላይ ጮክ ብለን አነበብነው ይላል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ማመልከቻዎች በሰዓቱ ደርሰውናል፤ ደግመን ያነበብነው ግን ያንቺን ነው ይላል። አራቱን ዓመት ሙሉ ወጪሽን እንችላለን ይላል።

ደስታው ሳልጠራው መጣ። ዓይኔን ሞላው። ልትሄድ ነው የሚለው ሐሳብ ከኋላው ደርሶ ውስጤን አቃጠለው፤ ደስታውን ግን አላጠፋውም። ከመስመሩ ቀና ስል ሸዋወርቅ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። አንድ ቃል አላነበብኩላትም ነበር።

"ተቀብለውኛል" አለች።

"ተቀብለውሻል።"

ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ደብዳቤውን በያዘው እጄ ላይ እጇን አኖረች። የመውጫ ቪዛው ጣጣ፣ ስለ ሁለታችን ገና እሺ ያላሉት አቶ አብተው፣ አራቱ ዓመት፣ ሁሉም ገና ከፊታችን እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

"አሁን ልሄድ እችላለሁ" አለች። "የምመለስበትን ሰው ፊት አይቻለሁ።"

የወንጂው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። የእኔ ወሰን ነገም አይሄድም፣ ነገ እመለሳለሁ አለና ወንበሩን ለእሷ ለቀቀላት።